የዘገየ ደብዳቤ፦ በከዋክብት መካከል ስለሚካሄድ ቀዝቃዛ ጦርነት

(በባሕር ዳር ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጸሐፍትና አንባብያን የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ ወጣት ጸሐፍት፤

እንዳነባቸው ከሰጣችሁኝ ረቂቆች ብዙዎቹ የሚተርኩት በሁለት ተቀናቃኝ የከዋክብት ኃያላን መካከል ስለተነሣ ቀዝቃዛ ጦርነት ነው። መርከቦቻችሁ ያምራሉ፤ ሰላዮቻችሁም ብልሆች ናቸው። ቅር ያሰኘኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የአንዱ መንግሥት መልእክተኛ ተናግሮ ሳይጨርስ፣ ሌላው ከሌላ ፀሐይ ሥር ተቀምጦ መልስ ይሰጠዋል።

ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከእርሱ የሚፈጥን መልእክተኛም አይታወቅም። ከፀሐይ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከ8 ደቂቃ ጥቂት ያልፈዋል። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን ወደሆነው ኮከብ፣ ወደ ፕሮክሲማ ሴንቶሪ፣ ለመድረስ ግን 4.2 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ እዚያ ላለ ባላንጣ «ጦርህን ለምን አንቀሳቀስህ?» ብሎ የጠየቀ መንግሥት መልሱን የሚሰማው ከ8 ዓመት በኋላ ነው፤ ጥያቄው በተላከ ዕለት የተወለደ ሕፃን መልሱ ሲደርስ ዳዊት መድገም ጀምሯል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1962 በኩባ ሚሳኤሎች ምክንያት ዓለም በጭንቅ ላይ ሳለች፣ የሶቪየት ኅብረቱ መሪ የክሩስቾቭ ረጅም ደብዳቤ ከሞስኮ ተነሥቶ ዋሽንግተን ደርሶ እስኪተረጎም ግማሽ ቀን ያህል ወሰደ። በማግስቱ ከበድ ያለ ሌላ ደብዳቤ ተከተለ፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲም ለለዘበው ለመጀመሪያው መልስ መስጠትን መረጡ። በዚያ መዘግየት የደነገጡት ሁለቱ ወገኖች በ1963 ቀጥታ መስመር ዘረጉ። (ብዙ ሰው ቀይ ስልክ ይመስለዋል፤ የጽሑፍ ቴሌታይፕ ነበር።) ለግማሽ ቀን መዘግየት ሽቦ ተገኘለት፤ ለአራት ዓመት መዘግየት ግን የሚዘረጋ ሽቦ የለም።

የዚህን ነገር ክፋት ለማየት ወደ ሩቅ ኮከብ መሄድ አያስፈልገንም፤ በጀልባ ጣና ዳር ወዳለችው ዘጌ መሻገር ይበቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው በጥቂት ወራት ለንደን ገባ፤ መልስ ሳያገኝም ቢሮ ውስጥ ተኛ። ንጉሠ ነገሥቱ ጠበቁ፤ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሠሩ። የንግሥቲቱን መልስ የያዘው ሆርሙዝ ራሳም ከፊታቸው የቀረበው በ1866 ነው፤ በዚያው ዓመት ዘጌ በሰፈሩበት ጊዜ መልእክተኛው ራሱ እስረኛ ሆነ። ሁለት ዓመት ቆይቶ መቅደላ ተከተለ። በደብዳቤውና በመልሱ መካከል ያለፈው ጊዜ፣ ብርሃን ወደ ፕሮክሲማ በአንድ ጉዞ ከሚፈጅበት ብዙም አያንስም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የጊዜው ርዝመት ብቻ አይደለም። የሚጠብቅ ሰው ርቀትንና ንቀትን መለየት አይችልም፤ የዘገየ መልስና የተከለከለ መልስ ለእርሱ አንድ ናቸው። በከዋክብት መካከል ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጋ መሣሪያ ቢወረወር፣ የመወርወሩ ወሬና መሣሪያው ተከታትለው ስለሚደርሱ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር አይኖርም። እንዲህ ባለ ሰማይ ሥር ያለ ንጉሥ የሚወስነው ባላንጣው ዛሬ በሚያደርገው ላይ ሳይሆን፣ ከዓመታት በፊት ባደረገው ላይ ነው፤ ምናልባትም ያን ያደረገው ሰው ከሥልጣን ወርዷል፣ ወይም ሞቷል።

እንግዲህ ታሪኩን ከየት አቅጣጫ እንጻፈው? በረቂቆቻችሁ ውስጥ ሁሉም ነገር የሚሆነው በሁለቱ ዋና ከተሞች ነው። እኔ ግን መካከል ላይ ወዳለች ትንሽ ፕላኔት እንድትወርዱ እለምናችኋለሁ። የዚህችን ከተማ ፖሊቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተቋቁሞ አገኘነው፤ የዐባይን ሸለቆ ደግሞ በዚያው ዘመን፣ ከ1958 እስከ 1964፣ የአሜሪካ መሐንዲሶች ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸውን ይዘው ያጠኑት ነበር። ጎጃም የሁለቱንም እጅ በአንድ ጊዜ አይቷል፤ የሁለቱንም ዋና ከተማ ግን ብዙዎቻችን አላየንም።

እንዲህ ያለች ፕላኔት ከድህነቷ ጋር አንድ ትልቅ ሀብት አላት፦ በሁለቱ መካከል እኩል ላይ ከሆነች፣ የእያንዳንዱ ቃል ለባላንጣው ከመድረሱ ከዓመታት በፊት ለእርሷ ይደርሳታል። አንዱ የላከው ዛቻ በሌላው ጆሮ ሳይገባ፣ ከወዲያ የተነሣው የዕርቅ ቃል በአንድ ቀን በእጇ ሊገባ ይችላል። በመልእክት ጣቢያው ተረኛ የሆነችው ልጅ ሁለቱንም አንብባለች፤ ያለቻት አንዲት አሮጌ ማሰራጫ ናት፤ ከሁለቱ አንዱም አድምጦ እንደሆነ ለማወቅ ዓመታት ትጠብቃለች። በእኔ አስተያየት ታሪኩ መጀመር ያለበት ከእርሷ ወንበር ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ንባቡን ለእናንተ እለቃለሁ።