ጁፒተር የሚከፍለው ፍጥነት

ክቡራትና ክቡራን፣

የጠፈር መንኮራኩር በፕላኔት ስበት ፍጥነት ትጨምራለች ሲባል አንድ ጥርጣሬ ሁሌም ይነሣል፦ «ወደ ፕላኔቱ ስትወድቅ ያገኘችውን፣ ስትርቅ ያው ስበት መልሶ ይነጥቃታል። ታዲያ ትርፉ ከየት መጣ?» ጠያቂው አልተሳሳተም። ከፕላኔቱ ላይ ሆነን ብንለካ ትርፍ የለም፤ የሚለወጠው አቅጣጫዋ ብቻ ነው። ነገር ግን ፕላኔቱ ራሱ ይሮጣል።

በቁጥር እንየው። ጁፒተር ፀሐይን የሚዞረው በሰከንድ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዲት መንኮራኩር፣ ከጁፒተር ላይ ስትታይ፣ በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር የምህዋሩን መሥመር በ90 ዲግሪ ወደ ውጭ እያቋረጠች መጣች እንበል። ከፀሐይ አንጻር ፍጥነቷ 16.4 ነው። ከጁፒተር መሐል 525,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስተኋላው ታልፋለች። እጅግ በቀረበችበት ቅጽበት 24 ትደርሳለች፤ ርቃ ስትሄድ ወደ 10 ትወርዳለች። እንደተባለውም ተነጠቀች። መንገዷ ግን 90 ዲግሪ ታጥፏል፦ የእሷ 10 ከጁፒተር 13 ጋር በአንድ አቅጣጫ ሆነ። ከፀሐይ አንጻር 23 ማለት ነው።

ከፋዩ ጁፒተር ነው። መንኮራኩሯ 800 ኪሎ ግራም ብትሆን፣ በጁፒተር ቦታ ላይ የሚመጣው ለውጥ በቢሊዮን ዓመት ተጠራቅሞ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። (ፀሐይንስ ለዚህ መጠቀም አይቻልም? በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ አይቻልም፤ የምንለካው ከእሷ አንጻር ነውና የምትሰጠው ሩጫ የላትም።)

በፕላኔቱ ፊት ማለፍ ደግሞ ፍሬን ነው። ሜሴንጀር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2011 ሜርኩሪን መዞር ከመጀመሯ በፊት ምድርን አንዴ፣ ቬነስን ሁለቴ፣ ራሱን ሜርኩሪን ሦስቴ ያለፈችው ለዚህ ነው።

አስቸጋሪው ሥራ ማነጣጠሩ ነው። ባነሣነው ምሳሌ መንኮራኩሯ ከታሰበላት ርቀት በ100 ኪሎ ሜትር ብትስት፣ በሰከንድ 1.1 ሜትር የሚሆን የፍጥነት ስሕተት ይዛ ትወጣለች። ትንሽ ይመስላል፤ በዓመቱ ግን ወደ 35,000 ኪሎ ሜትር ያደርሳል። ስለዚህ የራዲዮ ሞገድ ደርሶ በሚመለስበት ጊዜ ርቀቷ፣ በድግግሞሹ ለውጥ ፍጥነቷ እየተለካ፣ አስቀድሞ በትንንሽ ሞተሮች ይታረማል። ዘግይቶ ማረም ብዙ ነዳጅ ይበላል። ወደ ሳተርን የተላከችው መንኮራኩር ካሲኒ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1999 ከምድር ገጽ 1,171 ኪሎ ሜትር ላይ ስታልፍ ፕሉቶኒየም የተባለ አደገኛ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ጭና ነበር፤ በዚህም ምክንያት ሆን ተብሎ ከምድር የሚርቅ መሥመር ተሰጥቷት ነበር፤ ወደ ማለፊያዋ የተጠጋችው በመጨረሻዎቹ እርማቶች ነው።

አንድ ያልተፈታ ጥርጣሬ ግን አለ፤ እሱም ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ኒር እ.ኤ.አ. በ1998 የተባሉት መንኮራኩሮች ምድርን ሲያልፉ ከስሌቱ በላይ ፍጥነት ታየ፤ በጋሊልዮ 4፣ በኒር 13 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ገደማ። ሁሉም የተስማማበት ምክንያት እስካሁን አልተገኘም። ጁኖ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2013 ምድርን ስታልፍ ደግሞ ሁሉም ተዘጋጅቶ ጠብቆ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም።