ዲናሞ ሳይሆን ዳይኖ

እንደምን ዋላችሁ ወገኖቼ። ጋሼዎች፣ እትዬዎች፣ የጋራዥ ልጆች፣ ከባሕር ዳርና ከእንጅባራ ድረስ የመጣችሁ ወዳጆች፣ ወደ ደብረ ማርቆስ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ትናንት ማታ እናቴ "የነገው ስብሰባ የምንድን ነው?" አለችኝ። "ለመኪና ዳይኖ ልንገዛ ነው" አልኳት። "ለአንድ ዲናሞ ይሄ ሁሉ ሰው?" ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። ዲናሞ ቢሆን አንድ ሰው መርካቶ ልከን እንገላገል ነበር። ዳይኖ ግን ሌላ ነገር ነው። መኪናዋ በቀበቶ ታስራ ትቆማለች፤ ጎማዋ ከሥሩ ያለውን ከባድ የብረት ከበሮ ያሽከረክራል። ማሽኑ ሞተሩ በየትኛው ዙር ስንት ጉልበት ጎማ ላይ እንዳደረሰ ይለካል።

እስከ ዛሬ የእኛ ዳይኖ የዓባይ በረሃ ነው። ካርቡራተር እንነካካለን፣ ካንዴላ እንቀይራለን፣ ወደ ደጀን እንነዳለን። ቁልቁለቱን ወርደን ድልድዩ ጋ እንዞርና ሽቅብ። "በሦስተኛ ማርሽ ወጣች" ከተባለ ሥራው ተሳካ።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሮጌዋ ኮሮላዬ እዚህ ማርቆስ ላይ ቤንዚን እየበዛባት ካንዴላዋ ይጠቁራል። ካርቡራተሯ ውስጥ ያለውን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳው ጠበብ ባለ ቀየርኩላት። ወፍ ሆነች! ደስ ብሎኝ ወደ ዓባይ ነዳሁ። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድልድዩ ከዚህ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እዚያ ታች አየሩ ወፍራም ነው። ለስሱ አየር የተመጠነው ቤንዚን ለወፍራሙ አነሰ፤ ሞተሩም ከመጠን በላይ ጋለ። ሽቅቡን ስጀምር ኮፈኑ ሥር ጠጠር የተበተነ ይመስል ይንኳኳ ጀመር። እኔ ምን አደረግሁ? ሙዚቃውን ከፍ አደረግሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ግማሽ መንገድ ላይ ጭስ፣ ከዚያ ጸጥታ። የሚጎትተኝ አይሱዙ እስኪመጣ ዝንጀሮ ስቆጥር ዋልኩ። ሞተሩ ሲፈታ አንዱ ፒስተን አናቱ ላይ የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። ይኸው፣ ይዤው መጥቻለሁ። ከፊት ወደ ኋላ ይዙር፣ ዳር ዳሩን ዳስሱት። እንደ ሰም ቀልጧል።

ዳይኖ ላይ ቢሆን ኖሮ ማርሚታዋ ላይ የምትገባ ትንሽ መለኪያ ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር እንዴት እንደተመጠነ ትነግረኝ ነበር። የተሟላ ቃጠሎ ለማግኘት ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ይበቃል። ሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ ግን 13 ወይም ከዚያ ዝቅ እናደርገዋለን፤ ትርፉ ቤንዚን ሞተሩን ያበርደዋል። ይህን በጆሮ መስማት አይቻልም። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ውጤቱ እጃችሁ ላይ ነው።

አሁን ወደ ግዢው። አንደኛው ዓይነት ከበሮ ብቻ ነው። ከበሮው ምን ያህል ቶሎ እንደፈጠነ ታይቶ ጉልበቱ ይሰላል። ዋጋው ይቀላል፣ የሚበላሽበትም ነገር ትንሽ ነው። ግን ሩጫው በሰከንዶች ያልቃል፤ ቁጥር ተቀብለህ ትወጣለህ። ሌላው በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራ ፍሬን አለው። "3,000 ዙር ላይ ያዝልኝ" ስትለው ይይዛል፤ አንተ ተረጋግተህ ታስተካክላለህ። የዓባይን ሽቅብ ጋራዥ ውስጥ አመጣህ ማለት ነው። እኔ የምለው ይህንኛውን እንግዛ ነው። ያገለገለም ይሁን፤ አዲሱ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ግን ከመክፈላችን በፊት የፍሬኑ መለኪያ ክንድ ላይ ክብደቱ የታወቀ ብረት ሰቅለን ልክ ያነባል ወይ ብለን እንፈትን።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ማግኔቱ የሚይዘው በመብራት ነው። መብራት ሄደ ማለት ፍሬኑ ሄደ ማለት ነው፤ ሸክሙ የወረደለት ሞተር ዙሩ ይተኮሳል። የእኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጀነሬተር እስኪነሳ የሚጠብቅ ሞተር የለም። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ መጠባበቂያ አብሮ ካልተገዛ እኔ ከበሮው ላይ አልወጣም።

የፈረስ ጉልበት ነገርም አለ። የእንጅባራ ሰዎች በፈረስ ጉዳይ እኔን ታስተምሩኛላችሁ እንጂ እኔ እናንተን አላስተምርም። ቢሆንም አንዱ የፈረስ ጉልበት 75 ኪሎ፣ ማለትም ሩብ የጎደለው ኩንታል ጤፍ፣ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ማንሳት ነው። እዚህ ማርቆስ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌላት፣ 100 ፈረስ ተብላ የተሸጠች መኪና እዚህ ሞተሯ ወደ 75 ይወርዳል፤ ጎማ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ማሽኑ "ባሕር ጠለል ላይ ብትሆን ይህን ያህል ትሰጥ ነበር" የሚል ስሌት አለው። ቱርቦ ላላት መኪናማ ጭራሽ ያጋንናል፣ ቱርቦው የጎደለውን አየር በከፊል ራሱ ስለሚሞላው። እኔ ጥሬውን ቁጥር ግድግዳ ላይ እንለጥፍ ባይ ነኝ። የምንነዳው በማርቆስ አየር ነው። የሚከፋው ሰው ይኖራል፤ ይክፋው።

"ለጉራ ነው" የሚሉንም አሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የምትሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ያሉንን ይዘን ነው የምንከርመው። ሞተር በዓባይ በረሃ እየፈተንን የምንገድልበት ጊዜ አይደለም።

ለጀማሪ የአንድ አክስል ከበሮ ይበቃናል፤ ኮሮላዋ በፊት ጎማ፣ ፒካፑ በኋላ ጎማ ይወጣበታል። የቀረው ቤቱ ነው። ሦስት ፌዝ መብራት የገባለት፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ በሁለት በኩል የሚከፈት መጋዘን ያለው ሰው ከስብሰባው በኋላ ያናግረኝ። ጭሱ በቱቦ ወደ ውጭ ካልወጣ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ መስኮት ብቻ ያለውን ቤት አታሳዩኝ። እሑድ ጠዋት ሜትር ይዤ እየዞርኩ እለካለሁ።

ፒስተኑን ግን መልሱልኝ።