ጉዳቱ ያለው ቧንቧው ላይ ነው

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራችሁም ስለ እጅ ንጽህና ነው።

ለአካባቢ የሚሻለው ሳሙና ነው ወይስ ሳኒታይዘር ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ሳያስብ "ሳሙና!" ይላል። ሳኒታይዘር ኬሚካል ነው፣ ጠርሙሱም ፕላስቲክ ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱ የሱ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ግን ሁለት ዓይነት የአልኮል ጄል ሳኒታይዘር፣ ፈሳሽ ሳሙናና ደረቅ ሳሙናን አወዳድሮ ነበር። ከ16 የአካባቢ ጉዳት መለኪያዎች በ14ቱ ትንሹን ጉዳት ያደረሰው አይሶፕሮፓኖል የተባለው አልኮል ያለበት ጄል ነው።

ዋናው ነገር ውሃው ነው። ቧንቧው በደቂቃ 6 ሊትር ያወርዳል እንበል። እጃችንን 20 ሰከንድ ስናሽ ክፍት ከተውነው፣ 2 ሊትር ውሃ እጃችንን እንኳ ሳይነካ ይወርዳል። ያ ውሃ እኮ ተጣርቶ፣ በፓምፕ ተገፍቶ ነው የመጣው። ከሞቀማ ጭራሽ ሌላ ኃይል በልቷል። ሳኒታይዘር በአንዴ የሚፈልገው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው።

ሙቅ ውሃ ጀርም ይገድላል የሚሉት ነገር በጣም ያሳስበኛል። ጀርም የሚገድል ሙቀት ቢሆን መጀመሪያ የሚያቃጥለው እጃችንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአሜሪካው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 15 ዲግሪ ውሃና 38 ዲግሪ ውሃ ባክቴሪያ በማስለቀቅ ያን ያህል ልዩነት እንደሌላቸው አሳይቷል። ሥራውን የሚሠራው ሳሙናው ነው። የሞለኪዩሉ አንዱ ጫፍ ስብ ይይዛል፣ ሌላው ጫፍ ውሃ ይይዛል። ቆሻሻው በመሀል ተጎትቶ ይወጣል።

ታዲያ መታጠብ እንተው? በጭራሽ! አስመላሹና አስቀማጩ ኖሮቫይረስ በአልኮል በደንብ አይሞትም። ጭቃ ወይም ቅባት ያለበት እጅ ላይም ሳኒታይዘር አቅሙ ይደክማል። ከሽንት ቤት ስንወጣና ምግብ ከመንካታችን በፊት መታጠብ ግዴታ ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ውሃ በሌለበት ቦታ፣ እጃችን በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለው ግን፣ 60 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ይበቃል።

ቤት ውስጥ እኔ የምመርጠው ደረቁን ሳሙና ነው። ፈሳሹ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ያንን በፕላስቲክ አሽጎ ማመላለስ ምን ይባላል? ደረቁን ወረቀት ይበቃዋል።

አስተጣጠቡም ቀላል ነው። እጃችሁን አርጥቡና ቧንቧውን ዝጉ። ሳሙና ቀብታችሁ በጣቶቻችሁ መሀል፣ በጥፍራችሁ ሥር፣ በአውራ ጣታችሁ ዙሪያ እሹ። ከዚያ ከፍታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ። ለማድረቅ በሶፍት ፈንታ ፎጣ ተጠቀሙ፤ ፎጣው ግን ቶሎ ቶሎ ይታጠብ።