ሞሃቪ በረሃ፦ መኪናው የት ይሂድ፣ ኤሊዋ የት ትኑር?

[ምስል፦ በበረሃ መሃል የሚያልፍ አውራ ጎዳና]

ከሎስ አንጀለስ ላስ ቬጋስ በመኪና የሄደ ሰው ሞሃቪን ያውቀዋል። ሁለቱም ከተሞች ብዙ ሀበሻ አለባቸውና መንገዱን የለመዳችሁት ጥቂት አይደላችሁም። ከመስኮት ሲያዩት ባዶ ይመስላል። ግን ፈላጊው ብዙ ነው። ፎርት ኧርዊን ላይ ወታደር ይሠለጥንበታል። ኢቫንፓ ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ተተክሎበታል። ማዕድን ይወጣበታል። ድንኳን ተክሎ ጸጥታ የሚሻም ይመጣል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሞተር ሳይክልና ፎር ባይ ፎር ይዘው መጥተው ከአስፋልት ውጭ በረሃው ላይ የሚነዱ ቤተሰቦች አሉ።

[ምስል፦ ያረጀ የታንክ ዱካ፣ ከላይ ሲታይ]

በፈረንጆቹ 1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አሜሪካዊው ጄኔራል ፓተን ታንከኞቻቸውን ያሠለጥኑ የነበረው በዚህ በረሃ ነው። የታንኮቹ ዱካ አንዳንድ ቦታ ዛሬም ይታያል። ለምን አልጠፋም? የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ አያሰርግም። ዝናቡ ላይ ላዩን ይፈስና አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ዘር ቢወድቅበትም ሥር መስደድ ያቅተዋል። ዝናብ የጠገበ አገር ቢሆን ሣር ቶሎ ይሸፍነው ነበር። እዚህ ግን ዝናቡ ራሱ ብርቅ ነው።

የበረሃዋ ኤሊም አለች። አብዛኛውን ዕድሜዋን የምታሳልፈው ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ሹፌሩ አያያትም። ጎማው ግን ጉድጓዱን ይደረምስባታል። ከ1990 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ይደረግላታል።

[ምስል፦ ካርታ፣ ክፍት መንገዶች በቀለም]

በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የት እንደሚነዳና የት እንደማይነዳ ለይተው እንዲወስኑ አዘዙ። በ1977 ፕሬዚዳንት ካርተር አክለውበት፣ ጉዳት የበዛበት ቦታ ወዲያውኑ እንዲዘጋ አደረጉ። ትዕዛዙ ጥሩ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ተንቀራፈፈ። ብሔራዊ ደኖች ውስጥ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2005 ነው። ድሮ ብዙ ቦታ ያልተዘጋ ሁሉ ክፍት ነበር። አሁን ካርታው ላይ ክፍት ያልተባለ ሁሉ ዝግ ነው።

ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም። አንድ ሹፌር ድንጋይ ሸሽቶ በጎን ያልፋል። ሁለተኛው ይከተለዋል። ሦስተኛው ሲደርስ መንገድ መስሎት ይነዳበታል። አዲስ መንገድ የሚወለደው እንዲህ ነው፣ ማንም ሳይወስን።

ክልከላ ብቻውን አይበቃም ባይ ነኝ። ጠባቂ በሌለበት ሰፊ በረሃ ምልክት መትከል ወረቀት ላይ ከመጻፍ ብዙም አይሻልም። የሚሠራው ሌላ ነው። ለነጂው ደስ የሚል፣ ዞሮ መነሻው ላይ የሚመልሰው መንገድ ስጡት፤ ያን ጊዜ አቋራጭ አይፈልግም። የተዘጋውን መንገድ ደግሞ አፉ ላይ ደብቁት። በጎ ፈቃደኞች የደረቀ ቁጥቋጦ አቁመው ይተክላሉ፣ ድንጋይ ይበትናሉ። ከሩቅ ሲታይ መንገድ መሆኑ ይቀራል። ከሚደክሙትም መካከል ራሳቸው ነጂዎቹ አሉበት።

ገንዘቡስ? ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1971 ጀምሮ ባለ ሞተሮቹ ለምዝገባ ይከፍላሉ። ክፍያው ለመንገድ ጥገና፣ ለቁጥጥርና የተጎዳ መሬት እንዲያገግም ይውላል። ትክክል ነው። መሬቱን የሚጠቀምበት ሰው ለማከሙም ይክፈል።

[ምስል፦ ቆሞ የነበረ መኪና፣ ከሥሩ ኤሊ]

ወደዚያ ከሄዳችሁ ካርታውን ያዙ፣ ከመንገዱ አትውጡ። ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ከመኪናው ሥር እዩ፤ ኤሊ ጥላ ፍለጋ ትገባለች። ካገኛችኋትም አታንሷት፣ በራሷ ጊዜ እስክትወጣ ጠብቁ። ከደነገጠች በፊኛዋ ያጠራቀመችውን ውሃ ትለቀዋለች። በድርቅ ወራት ያ ውሃ ነው የሚያቆያት።