ሦስት ዓይነት ቢላ ሳማርጥ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ስለ ክርኔ ነው። አትሳቁ።

ባሬስታ መሆኔን ታውቃላችሁ። ስምንት ዓመት ማሽን ላይ ቆሜያለሁ። ቡናውን እጠቀጥቃለሁ፣ እጀታውን ማሽኑ ላይ ጠምዝዤ እገጥማለሁ፣ እፈታለሁ፣ አተላውን አራግፌ እንደገና። ጥቅምት ላይ፣ እሁድ ቀን፣ እናቴ ቤት ቡና ልቀዳ ጀበናውን ሳነሳ (አዎ፣ እኛ ቤት የምቀዳው እኔ ነኝ) ከክርኔ በውጭ በኩል ጉብ ያለችው አጥንት ላይ እንደ ሚስማር ወጋኝ። ቡናው ረከቦቱ ላይ ተደፋ። እናቴ ጀበናውን ተቀበለችኝና «ነገውኑ ወጌሻ ጋ ትሄዳለህ» አለች። ሄድኩ። በቅቤ አሽቶ አስለቀሰኝ፣ ሌላ ያገኘሁት ነገር የለም።

ከዚያ ሐኪም ጋ ሄድኩ። «የቴኒስ ክርን ነው» አለኝ። ራኬት በእጄ ነክቼ አላውቅም! ለካ አብዛኛው በሽተኛ እንደኔ ነው። ስሙ የተረፈው እንግሊዞች በ1880ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የሣር ሜዳ ቴኒስ ካበዱበት ጊዜ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ክርን አጥንት ላይ የሚያያዝበት ጅማት አለ። ሥራ ሲበዛበት እንደ አሮጌ ገመድ ይተረተራል፣ ሲጠገንም በደንብ አይጠገንም። እኔ ያበጠና የተቆጣ መስሎኝ ስንት የህመም ማስታገሻ ቅሜያለሁ።

መጀመሪያ የስቴሮይድ መርፌ ተወጋሁ። አምስት ስድስት ሳምንት ገነት ነበርኩ። ከዚያ ተመልሶ መጣ፣ ብሶበት። በኋላ ሳነብ፣ መርፌ የተወጉት ሰዎች ዓመት ሲሞላቸው ዝም ብለው ከጠበቁት የባሰ ሁኔታ ላይ የተገኙባቸው ጥናቶች አሉ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ የለም።

ሰባተኛው ወር ላይ ሌላ ዶክተር ጋ ሄድኩ፣ የአጥንት ቀዶ ሐኪም። ወረቀት ላይ እየሳለ ሦስት ዓይነት ቀዶ ጥገና አሳየኝ።

አንደኛው ከፍቶ መሥራት ነው። ቆዳው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይቀደዳል፣ የተበላሸው የጅማቱ ክፍል በዓይን እየታየ ተቆርጦ ይወጣል። የቆየውና የታወቀው እሱ ነው። ሁለተኛው አርትሮስኮፒ ነው፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ። መገጣጠሚያው ውስጥ ሌላ ችግር ካለም ይታያል፣ ግን መሣሪያውም እጁ የሠለጠነ ሰውም ይፈልጋል፣ አጠገቡ ደግሞ የእጅ ነርቭ ያልፋል። ሦስተኛው ከሁሉም ይቀላል፦ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ቀዳዳ፣ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ ጅማቱን ከአጥንቱ ማላቀቅ። በዚያው ቀን ቤት መግባት ነው።

የእኔ ልብ ሦስተኛው ላይ ነበር፣ ምክንያቱም በፈረንጆቹ 2004 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት አግኝቻለሁ፣ በትንሿ ቀዳዳ የተሠሩት በአማካይ በ2 ሳምንት ሥራ ሲገቡ ከፍቶ የተሠሩት በ5 ሳምንት ነው የገቡት። በቀን ለሚከፈለው ሰው ሦስት ሳምንት ማለት የቤት ኪራይ ነው። ዓመት ቆይቶ ሲታይ ግን የሦስቱም ውጤት የሚቀራረብ ነው። ዶክተሩም ይህን አልደበቀኝም።

አንድ ሌሊት ግን ስልኬ ላይ ሌላ ነገር አነበብኩና እንቅልፍ አጣሁ። አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ጥናት ነው፣ በፈረንጆቹ 2018 የወጣ። 26 ሰዎች። ለ13ቱ ትክክለኛው ቀዶ ጥገና ተሠራላቸው። የሌሎቹ 13 ቆዳ ተከፈተ፣ ጅማቱ ታየ፣ ምንም ሳይነካ ተሰፋ። ማን የቱን እንዳገኘ በሽተኞቹ አያውቁም። ሁለቱም ወገን ተሻላቸው፣ እኩል። እኔ የትኛው ቢላ ይሻላል እያልኩ ስጨነቅ፣ ጅማቱን ያልነካው ቢላም ሠርቷል!

ጠዋት ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። «ዶክተር፣ ይህን አይተውታል?» አልኩት። ሳቀ። «አይቼዋለሁ፣ ግን 26 ሰው ትንሽ ነው» አለ። ልክ ነው፣ ትንሽ ነው። ግን ከአሥር ስምንት ዘጠኙ ሰው ያለ ቢላ በዓመት ውስጥ እንደሚሻለው እሱ ራሱ ነግሮኛል፣ እኔ ደግሞ ገና ሰባት ወሬ ነው። «እንግዲያው ዓመቱ ይሙላ» ተባባልን። የእናንተን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ እኔ ቡና ነው የማፈላው።

ከዚያ ወዲህ ፊዚዮቴራፒስቷ ያሳየችኝን እሠራለሁ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ፣ ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ፣ መዳፌን ወደ ታች አድርጌ፣ በግራ እጄ አንጓዬን ወደ ላይ እደግፍና ቀስ እያልኩ አወርዳለሁ። ቀስ። አሰልቺ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያመኝም ነበር። ቡና መጠቅጠቁን ወደ ግራ አዙሬዋለሁ፣ አለቃዬ አልወደደውም።

አሁን አሥረኛው ወር ነው። ግማሽ የጎደለ ጀበና አንስቼ እቀዳለሁ። ሙሉውን ገና በሁለት እጄ ነው፣ እናቴም ዓይኗን ከረከቦቱ ላይ አትነቅልም። የዶክተሩ ቀጠሮ ከመስቀል በኋላ ነው፣ አልሰረዝኩትም።