አናቱ ሙራም፣ እግሩ ደንገል፦ የቡጋንዳ የገጠር መንገድ እንዴት ይሠራ ነበር? ምን ያፈርሰዋል?

[ምስል፦ ቀይ የጠጠር መንገድ ከኮረብታ ወርዶ ረግረግ ውስጥ ይገባል]

መንገዱን ለጊዜው ተዉትና ግራ ቀኙን እዩ። ቦታው ቡጋንዳ ነው፤ የዛሬዋ ኡጋንዳ እምብርት። የኮረብታዎቹ አናት ጠፍጣፋ ነው፤ እዚያ ላይ ሙራም ይገኛል። ሙራም ብረት የበዛበት፣ ጠጠርና ሸክላ የተደባለቀበት ቀይ አፈር ሲሆን፣ በእኛ አገር ገረጋንቲ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ሸለቆው ውስጥ ያለው ደግሞ ደንገል ነው፤ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ያው ደንገል። ኮረብታና ረግረግ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ስለሚፈራረቁ፣ እዚህ መንገድ መሥራት ማለት ከላይ ያለውን አፈር ታች ካለው ውሃ ጋር ማስታረቅ ማለት ነው።

[ምስል፦ ከሜንጎ፣ ከቡጋንዳ ንጉሥ መቀመጫ፣ ወደየአውራጃው የሚሄዱ መንገዶች ካርታ]

እንግሊዞች ሲመጡ መንገድ ነበር። ከካባካው፣ ማለትም ከንጉሡ፣ ከተማ ወደየአውራጃው፣ በእነሱ አጠራር ወደየሳዛው፣ ሰፊና ቀጥ ያሉ የእግር መንገዶች ይወጡ ነበር፤ ጥገናውም የየሳዛው ሹም ኃላፊነት ነበር። በ10 ማርች 1900 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት ልዩ ኮሚሽነር ሰር ሃሪ ጆንስተን የፈረመው የቡጋንዳ ስምምነት ይህንኑ ልማድ ወስዶ ውል አደረገው፦ የሳዛው ሹም መንገድ ለመጠገን ከሦስት ቤት አንድ ሰው ይጠራል፤ ሰውየውም በዓመት ከአንድ ወር በላይ አይሠራም። ይህ ክፍያ የሌለው ሥራ ሉዋሎ ይባል ነበር። ከእሱ ሌላ ካሳንቩ የሚባል፣ ትንሽ የሚከፈልበት ግን ሰው ተገዶ የሚሄድበት የመንግሥት ሥራ እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ነበር።

ጉልበቱ በነጻ ሲመጣ ሒሳብ የሚሠራ አይኖርም። እስቲ እኛ እንሥራው።

[ጽሑፍ በስክሪን፦ 1,000 ሜትር × 4 ሜትር × 0.15 ሜትር = 600 ሜትር ኩብ]

አንድ ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ የሙራሙ ውፍረት ከተዳመጠ በኋላ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 600 ሜትር ኩብ ነው። ልቅ አፈር ሲዳመጥ ስለሚያንስ 30 በመቶ ጨምሩበት፤ 780 ይሆናል። አንዱን ሜትር ኩብ 1,600 ኪሎ ብለን ብንይዘው፣ 20 ኪሎ በሚይዝ ቅርጫት 62,400 ሸክም ማለት ነው። ሙራሙ በአማካይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆ ቢገኝና አንድ ሰው በቀን 20 ጊዜ ቢመላለስ፣ ለመሸከም ብቻ 3,120 የሰው ቀን ይፈጃል። 90 ቤት ያለው መንደር 30 ሰው ይሰጣል፤ በወሩ 25 ቀን ቢሠሩ 750 የሰው ቀን። እንግዲህ የአራት መንደር የዓመት ጉልበት ለአንድ ኪሎ ሜትር አይበቃም፤ ቁፋሮውና ድልደላው ገና አልተቆጠረም። በዚህ ጉልበት የሚያዋጣው ዳገቱንና የረግረጉን መግቢያ መውጫ ብቻ ማልበስ ነው። ሜዳው ላይ አፈሩን በትክክል መቅረጽ ይበቃል።

[ምስል፦ የመንገድ ቁራጭ ከፊት ለፊት፣ መሃሉ ጎበጥ ብሎ]

መቅረጽ ሲባል መሃሉን ከፍ ማድረግ ነው። በየ1 ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ይውረድ፤ 4 ሜትር ስፋት ላለው መንገድ መሃሉ ከዳሩ 10 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ሳይዳመጥ በፊት ግን 14 አድርጉት፤ ጎማ ሲሄድበት ይተኛል። የተዳመጠው የሚለካበት መሣሪያ ቀላል ነው፦ 1 ሜትር ጣውላ፣ በአንደኛው ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር እግር፣ ከላይ ውሃ ልክ። እግሩን ወደ ቦዩ አዙሮ ማስቀመጥ ነው። የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ካልቆመ ሥራው አላለቀም።

የጎን ቦይ ብቻውን አይበቃም። ቁልቁለት ላይ ውሃው እየተጠራቀመ ጉልበት ያገኝና ቦዩን ገደል ያደርገዋል። ስለዚህ ወደ ማሳው የሚያስወጣ ማስተንፈሻ ቦይ ያስፈልጋል፤ ቁልቁለቱ በጠና ቁጥር ይቀራረባል፣ በየ20 ሜትሩ እስከ መሆን ይደርሳል። ጠብ የሚያመጣውም ይሄ ነው፤ ውሃው የሚወርደው የሰው ሙዝ ውስጥ ነውና ባለ ማሳው በሌሊት ይደፍነዋል። ቀድሞ ከባለ ማሳው ጋር ያልተነጋገረ መሐንዲስ በሚቀጥለው ዝናብ ቦዩን አያገኘውም።

[ምስል፦ ደንገሉ መሃል የተዘረጋ ድልድል፣ ማለትም አፈር ተቆልሎ የተሠራ ከፍ ያለ መንገድ]

አሁን ወደ ረግረጉ። የደንገሉ ሥር እርስ በርሱ ተያይዞ ምንጣፍ ይሠራል፤ ከሥሩ የበሰበሰ ቅጠልና ለስላሳ ጭቃ አለ። አፈር በቀጥታ ብትደፉበት ምንጣፉ ይቀደድና አፈሩ ይሰምጣል። የባጋንዳ፣ ማለትም የቡጋንዳ ሰዎች፣ ዘዴ ደንገሉን አጭዶ በወፍራሙ ማሰር፣ እስሩን ለመንገዱ አግድም መደርደር፣ ላዩ ላይ አፈር ማልበስ ነበር። ዘንባባም ግንዱ ምስጥና እርጥበት ስለሚችል በዳርና ዳር ይተከላል።

ምስጢሩ የውሃው ከፍታ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚቆይ ደንገል አየር ስለማያገኘው ቶሎ አይበሰብስም። አንዴ እየራሰ አንዴ እየደረቀ የሚኖረው ነው ቶሎ የሚያልቀው። ስለዚህ እስሩ ውሃው በበጋ ከሚደርስበት ዝቅተኛ ከፍታ ሥር ይሁን፤ ከዚያ በላይ ያለው አፈርና ሙራም ይሁን። አፈሩም በአንድ ቀን አይቆለልም፤ 20 እና 30 ሳንቲ ሜትር እየተደረገ፣ እስኪተኛ ሳምንታት እየተጠበቀ ይጨመራል። የቸኮለ ሰው ድልድል ከመሃል ይሰነጠቃል፤ አንዱ ጎን ይሰምጣል፣ ሌላው ይቀራል።

ሁለተኛው ስህተት ረግረጉን እንደ ኩሬ ማየት ነው። ረግረግ ቀስ ብሎ ይሂድ እንጂ ይፈስሳል፤ የሚፈስሰውም በአንድ ቦታ ሳይሆን በሙሉ ስፋቱ ነው። አንድ ፉካ (ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ብቻ የተደረገለት ድልድል ግድብ ይሆናል፤ ውሃው ከላይ በኩል ይቆለልና በላዩ ያልፋል፣ ሲያልፍም ሙራሙን ይዞት ይሄዳል። ከአንድ ትልቅ ፉካ ብዙ ትንንሽ ይሻላሉ። ጎርፍ የነቀለው ደንገል ግን እየተንሳፈፈ መጥቶ አፋቸውን ይደፍናል፤ ከመጋቢት ዝናብና ከመስከረሙ በፊት መጥረግ፣ በዝናቡም ወቅት ረጅም ዘንግ የያዘ ሰው ማቆም ግድ ነው።

እዚህ ላይ የሉዋሎ ትልቁ ጉድለት ይታያል። ለረግረግ ሥራ የሚመቸው ደረቁ ወቅት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው። ጥጥ የሚለቀመውም ያኔ ነው። ገበሬው ጥጡን ትቶ መንገድ ላይ ይቁም ማለት መንገዱ የተሠራለትን ጭነት ማሳ ላይ ማስቀረት ነው።

[ምስል፦ ባለ ግንድ ድልድይ፣ ከሥር የተነሣ]

ወራጁ ግልጽ በሆነበት ቦታ የእንጨት ድልድይ ይገባል። ተሸካሚዎቹ ግንዶች እንደ ምቩሌ ካለ ጠንካራ እንጨት ይሁኑ። ወለሉ አግድም ጣውላ ሆኖ፣ ጎማ በሚሄድበት መስመር ላይ ሌላ ጣውላ በቁመት ይመታል፤ የሚያልቀው ይህኛው ነውና ዋናው ወለል ሳይነካ እሱ ብቻ ይለወጣል። የግንዱ ጫፍ አፈር እንዳይነካው ከኋላው የድንጋይ ካብ ይደረግና ክፍተት ይተዋል።

ድልድይ ሲመረመር ወለሉን አይቶ መመለስ ዋጋ የለውም። ከሥር ግቡ። መጀመሪያ ውሃው የካቡን መሠረት ቦርቡሮት እንደሆነ በዘንግ ለኩ። ቀጥሎ ግንዱ ካቡ ላይ በተቀመጠበት ቦታ ቢላዋ ውጉ፤ ጤነኛ እንጨት ጫፉን ብቻ ያስገባል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ያለ ጉልበት ከገባላችሁ፣ ላዩ የቱንም ያህል ደህና ቢመስል፣ ግንዱ እስኪለወጥ ድረስ የጭነት መኪና እንዳያልፍ በሁለቱም በኩል ዝጉት።