በጽሑፍ የማይሰፍረው እውቀት፦ መተማመን በዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን ውስጥ

[ምስል፦ አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ በቀጭን ክር የተንጠለጠለ የሰንፔር ቁራጭ]

ተራኪ፦ ተመራማሪዎች ይህን የሰንፔር ቁራጭ ካነዘሩት በኋላ ንዝረቱ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ ይለካሉ፤ ንዝረቱ በቆየ ቁጥር ቁሱ የስበት ሞገድን፣ ማለትም ከኅዋ የሚመጣን እጅግ ደካማ የስበት ርግብግቢት፣ ለሚያስሱ መሣሪያዎች ይበልጥ ተስማሚ ይሆናል። የሞስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን በዚህ ልኬት እጅግ ከፍተኛ ውጤት አግኝቶ ቢያሳትምም፣ በምዕራቡ ዓለም ያሉ ቤተ ሙከራዎች ያንኑ ለመድገም 20 ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። የተሳካውም የግላስጎው ዩኒቨርሲቲና የሞስኮ ተመራማሪዎች ተጎበኛኝተው ጎን ለጎን ከሠሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ይህን ታሪክ በቅርብ የተከታተሉት የሶሲዮሎጂ ምሁር ሃሪ ኮሊንስ ቀደም ሲል በ1974 ባሳተሙት ጥናትም፣ አንድን የሌዘር ዓይነት የታተመ ጽሑፍ ብቻ ይዞ መሥራት የቻለ ቤተ ሙከራ እንዳላገኙ ገልጸው ነበር። በሰንፔሩ ሙከራም ክሩ እንዴት እንደሚያዝ፣ ምን ያህል ቅባት እንደሚቀባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙከራው ደጋግሞ ሲከሽፍ እስከ መቼ መታገሥ እንደሚገባ የሚያውቀው ሲሠራ የኖረው ሰው ነው። ማይክል ፖላኒ የተባሉት ፈላስፋ፣ የሰው ልጅ በቃል ሊናገር ከሚችለው በላይ ያውቃል ያሉት ይህን መሰሉን እውቀት ነው።

[ምስል፦ በአንድ መሣሪያ ፊት የቆሙ ሁለት ተመራማሪዎች፤ አንዷ ታሳያለች፣ ሌላው ይመለከታል]

ተራኪ፦ እንዲህ ያለው እውቀት በትእዛዝ አይተላለፍም። ያለው ሰው ጊዜውን ሰጥቶ ካላሳየ፣ የሌለውም አላውቅም ብሎ ካልጠየቀ፣ እዚያው ባለበት ይቀራል። የማኔጅመንት ምሁራኑ ሜየር፣ ዴቪስና ሾርማን በ1995 ባቀረቡት ማዕቀፍ አንድን ሰው እንድናምነው የሚያደርጉን ችሎታው፣ ለእኛ ያለው በጎነትና ለመርሕ ያለው ታማኝነት ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ችሎታን መገመት ቀላል ነው፤ ዲግሪውም ኅትመቱም ይታያል። በእኔ እምነት የምርምር ቡድኖች የሚሰናከሉት በበጎነት ላይ ነው። የዶክትሬት ተማሪ መመረቂያ ሥራ አዲስ ግኝት እንዲሆን ስለሚጠበቅበት፣ በስብሰባ ላይ ያካፈለውን ሐሳብ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢያሳትመው የዓመታት ልፋቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለትም ሆነ የደራሲዎችን ቅደም ተከተል የሚወስነው ብዙውን ጊዜ አማካሪው ስለሆነ፣ ቢበደል እንኳ ቅሬታውን ለማን እንደሚያቀርብ ለማወቅ ይቸገራል። ስለዚህ ዝም የሚል ተማሪ ከስስት ይልቅ ከስጋት ተነሥቶ ዝም ብሎ ሊሆን እንደሚችል ማስተዋል ያስፈልጋል።

እውቀትን መደበቅ ሁልጊዜ በግልጽ እምቢታ አይገለጥም። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ሦስት መልኮችን ለይቷል፦ ጎደሎ መልስ ሰጥቶ ወይም በቀጠሮ አቆይቶ ማለፍን፣ የማያውቁ መምሰልን፣ እንዲሁም ምክንያት ሰጥቶ መከልከልን። ሦስተኛው የግድ ማታለል አይደለም፤ የጥናት ተሳታፊዎችን ምስጢር መጠበቅ ለምሳሌ ግዴታ ነው። ሁለተኛው ግን ለቡድን መርዝ ነው፤ ጠያቂው ከባልደረባው ዘንድ ያለውን መልስ ፍለጋ ወራት ያባክናልና።

[ምስል፦ በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ የሥራ ድርሻ ሰንጠረዥ]

ተራኪ፦ ስጋቱን መልካም ንግግር ብቻውን አያስወግደውም። ማን ምን እንደሚሠራና ስሙ በየትኛው ጽሑፍ ላይ እንደሚሰፍር ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ መስማማት፣ ሥራውም በተለወጠ ቁጥር ስምምነቱን መከለስ ተገቢ ነው። ለዚህም 14 የሥራ ድርሻዎችን የሚለየው ክሬዲት የተሰኘ ሥርዓት ጠቃሚ መነሻ ይሆናል። የሥራ ቡድኖችን የሚያጠኑት ምሁር ኤሚ ኤድመንድሰን በ1999 እንዳሳዩት፣ አባላቱ ስሕተታቸውን ቢናገሩ እንደማይዋረዱ የሚያምኑበት ቡድን የተሻለ ይማራል፤ ይህ እምነት የሚጀምረውም የቡድኑ መሪ የራሱን የከሸፈ ሙከራ በሁሉም ፊት ሲያስረዳ ነው።

ብዙ እውቀት የሚጠፋው ግን ተማሪ ተመርቆ በሚሄድበት ጊዜ ነው። ተሰናባቹ የመጨረሻ ወራቱን ከተተኪው ጋር በመሣሪያው ፊት ቆሞ፣ እያሠራና እያረመ እንዲያሳልፍ ቡድኑ በዕቅዱ ውስጥ ጊዜ ሊመድብለት፣ ያን ሰዓትም እንደ ኅትመት ሁሉ በሥራ ግምገማው ላይ ሊቆጥርለት ይገባል።